ያልተወረወረ ፎጣ

1

«በቃኝ» አለ።

ያለው ሽብሩ ነው። የቦክስ ግጥሚያው ሁለተኛ ዙር እንዳበቃ ጥጉ ላይ በርጩማዋ ላይ ዘፍ ብሎ፣ የጥርስ መከላከያውን በምላሱ ገፍቶ አወጣና አሰልጣኙን ታፈረን «በቃኝ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር እየጮኸ ነው» አለው። ፎጣው ታፈረ ትከሻ ላይ ነበር። ወደ ሪንጉ ቢወረውረው ግጥሚያው እዚያው ያበቃል። አልወረወረውም። መከላከያውን መልሶ ሽብሩ አፍ ውስጥ ወተፈና «ተነስ! ወንድ አይደለህም እንዴ?» አለው።

ትርንጎ ሰማች። ከጥጉ ኋላ፣ የመጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሽብሩ ባሏ ነው። ታፈረ ታላቅ ወንድሟ ነው።

ደወሉ ተደወለ።

2

ከዚያ በኋላ የሆነውን ድሬዳዋ ሁሉ ያውቀዋል። ሽብሩ ሦስተኛውን ዙር በእግሩ ቆሞ ጨረሰ፣ በነጥብ ተሸነፈ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቶ ወደቀ። ሆስፒታል የገባውና ከሆስፒታል የወጣው አንድ ሰው አልነበሩም። የወጣው ቀኝ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሻዩ ላይ ጨው የሚጨምር፣ ከገበያ ሲመለስ የገዛ ሰፈሩን ሰው ጠይቆ የሚገባ ነው። ቃል ይጠፋበታል። አንዳንዴ አንዲት ቃል ፍለጋ ግማሽ ቀን ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ያን ግጥሚያ ደግሞ ከነአካቴው አያስታውሰውም፤ ሲያወሩለት የሌላ ሰው ወሬ ይመስለዋል።

ታፈረ ግን ከፍ አለ። «ልጁ እስከ መጨረሻው የቆመለት አሰልጣኝ» ተባለና ብሔራዊ ቡድኑን ያዘ።

ትርንጎስ?

ዝም።

እናቷ አብራት ትኖር ነበር። የታፈረን ነገር ብታወጣው እናቷ በሁለት ልጆቿ መሃል ልትሰነጠቅ ነው። «እሷ እስክታልፍ» አለች። እናት አለፈች። ታፈረ ሬሳ ሳጥኑ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን ሲነፋረቅ አየችውና «አርባዋ እስኪወጣ» አለች። አርባዋም ወጣ። ከዚያ ወዲያ ዝምታው እንደ ቁም ሣጥኑ የቤቱ ዕቃ ሆነ፤ አቧራውን እየጠረጉ አብረውት የሚኖሩት።

3

ፊልሙ ስለ ቦክስ አይደለም

ያፌት የሚባል የፊልም ዳይሬክተር የሽብሩን ታሪክ ሊቀርጽ ከአዲስ አበባ ድረስ መጣ። ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል።

«እትዬ ትርንጎ፣ ፊልሙ ስለ ቦክስ አይደለም። ቦክሱ ሰበብ ነው። ስለ ሰው ልጅ ክብር ነው የምንሠራው።»

ትርንጎ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። ሲንጀሯን አቆመች። «ስለ ቦክስ ካልሆነ የእሱን ቦክስ ለምን ፈለጋችሁት?»

ሳቀ። ደግ ሳቅ ነው። «ጋሽ ታፈረ ሁሉንም ነግረውናል።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ምናልባት ነግሯቸው ይሆናል፣ አለች በሆዷ። ምናልባት ለእህት ያልተነገረ ነገር ለካሜራ ይቀላል። ይህን እያሰበች ዞር ስትል ሽብሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ለእንግዳው ሁለት ቡጢውን አገጩ ሥር ጨብጦ አሳየው። የቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጋብ ብሏል። ከአደጋው ወዲህ እንዲህ ቆሞ አይታው አታውቅም።

«እሺ» አለች።

4

(ይህን እንደተነገረው ብቻ ላስቀምጠው። ከጨመርኩበት ይበላሻል። ቦታው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለ አሮጌ መጋዘን ነው፤ ውስጡ ሪንግ ተሠርቶበታል፤ ትርንጎና ሽብሩ ቀረጻውን ሊያዩ መጥተዋል።)

ያፌት፦ ዝም በሉ! አክሽን!

ሽብሩን የሆነው ተዋናይ፦ ጋሼ፣ ፎጣውን እንዳትወረውረው!

ታፈረን የሆነው ተዋናይ፦ ትሞታለህ እኮ ልጄ!

ሽብሩን የሆነው ተዋናይ፦ ልሙት! ቆሜ ልሙት! አትወርውር!

ያፌት፦ ካት! እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ!

(ጭብጨባ።)

ትርንጎ፦ እንዲህ ያለው ማን ነው?

ያፌት፦ ጋሽ ሽብሩ ናቸዋ፣ እትዬ።

ትርንጎ፦ ለማን?

ታፈረ፦ (ከያፌት ወንበር ኋላ ሆኖ) ለእኔ።

5

የታፈረን ክንድ ይዛ ወደ ውጭ አወጣችው። የጄኔሬተሩ መኪና ጥላ ውስጥ ቆሙ።

«ወንድምጋሼ፣ እኔ እኮ ኋላህ ነበርኩ።»

«የት ኋላዬ?»

«ከጥጉ ኋላ። ሽብሩ ያለህን ሰምቼዋለሁ። ያልከውንም ሰምቻለሁ።»

ታፈረ ጠጉሩ ሸብቷል፤ ትከሻው ግን ዛሬም ሰፊ ነው። ያ ትከሻ ዝቅ አለ። ይክዳል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ስንት ዓመት ለክህደቱ መልስ ስታዘጋጅ ኖራለች። አልካደም።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልጮህሽም?» አላት።

ትርንጎ ክንዱን ለቀቀች።

«አንዲት ቃል ብትጮሂ እወረውረው ነበር። ተጋጣሚውን አፈወርቅን ታሸንፋላችሁ ብሎ ከተማው ሁሉ እላዬ ላይ ቆሞ፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ተው የሚለኝ አንድ ሰው ጠፋ። አንቺም ዝም አልሽ።»

ውሸቱን ይሁን እውነቱን ማወቅ አልቻለችም። ሬቱ እሱ ነው። ውሸት ቢሆን ትተፋው ነበር።

6

ሆኖም ወደ ያፌት ሄደች። ከአንድ እስከ አስር ነገረችው። ያፌት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሳያቋርጥ አዳመጣት፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

«አምንዎታለሁ፣ እትዬ ትርንጎ።»

«እንግዲያ አስተካክለው።»

«ያንን ብቀርጸው ጋሽ ሽብሩ በሕዝብ ፊት 'በቃኝ' ያሉ ሰው ይሆናሉ።»

«ብሏላ! 'በቃኝ' ማለት ነውር ነው? ሰው ሲበቃው ምን ይበል?»

ያፌት በአገጩ ወደ ሪንጉ አመለከታት። ሠራተኞቹ ምሳ ወጥተዋል። ሽብሩ ገመዱን አልፎ ገብቶ፣ መሃል ላይ ብቻውን ቆሞ፣ ቡጢውን ወደ ላይ ሰቅሎ ይጮኻል፦

«አትወርውር! አትወርውር!»

ቃሉ አልተሰናከለበትም።

7

አትወርውር።

ጠዋት መስታወቱ ፊት ይለዋል። ለዳቦ ሻጯ ይነግራታል፣ ለባጃጅ ሹፌሮቹ ይነግራቸዋል፤ «አትወርውር አልኩት!» እያለ። እነሱም «አንበሳው!» ይሉታል። ሸሚዙን ራሱ መቆለፍ ጀመረ። ሌሊትም እንቅልፍ ይወስደው ጀመር። ቃላቱን ሁሉ የተዘረፈ ሰው አንዲት ቃል አገኘ።

ያቺም ቃል የእሱ አይደለችም።

8

እውነትን ለባል ስለ መናገር፣ መመሪያ

በሩን ዝጊ። ከፊት ለፊቱ ተቀመጪ። የሚንቀጠቀጠውን እጁን ያዢ፣ ያልተንቀጠቀጠ እንደሆነም ያዢው። «አላልክም» በዪው። «በቃኝ ነው ያልከው፤ ለምነኸዋል፤ እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ» በዪው። ከዚያ ፊቱን እዪ።

(አንቺ አንባቢዬ፣ እስከ የትኛው ዓረፍተ ነገር ትደርሻለሽ?)

ትርንጎ እስከ እጁ ደረሰች።

«ሽብሩ፣ ያን ቀን እኮ . . .»

«አውቃለሁ!» አለ ፊቱ በርቶ። «አትወርውር አልኩት!»

ኮሌታውን አስተካከለችለትና ወደ ሲንጀሯ ተመለሰች።

9

ፊልሙ ስለ ቦክስ አይደለም

የምረቃው ዕለት አዳራሹ ገና ከሰዓት በኋላ ጢም ብሎ ሞላ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ሽብሩ አዲስ ሱፍ ለብሶ ከፊት ተቀመጠ፤ ትርንጎ በግራው፣ ታፈረ በቀኙ።

ፊልሙ ላይ ሚስቲቱ ቆንጆ ናት። ስታለቅስም ታምራለች። ግጥሚያው ሲካሄድ ግን አዳራሹ ውስጥ የለችም፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጧፍ አብርታ ተንበርክካለች። ከጥጉ ኋላ ያለው አግዳሚ ላይ የተቀመጠው አንድ ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ለውዝ ይበላል።

ትርንጎ ያን ሰውዬ ብቻ ስታይ ፊልሙ አለቀ።

ጭብጨባው አባራ። አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ተነስቶ «ይህ ከስፖርት ፊልም በላይ ነው» አለ። አንዲት ሴትዮ «ስለ ቦክስ ነው ብዬ ልቀር ነበር፤ ለካ ስለ ቦክስ አይደለም» አለች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አንድም ሰው ስለ ጭንቅላት አላነሳም።

መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ለትርንጎ ሰጣት። «የጀግና ሚስት፣ ምን ተሰማዎት?»

ተነሳች። ወደ ሕዝቡ አልዞረችም። ማይክሮፎኑን በሽብሩ ራስ ላይ አሳልፋ ለወንድሟ ዘረጋችለት።

«ወንድምጋሼ፣ ጥጉ ላይ ሽብሩ ምን ብሎ እንደለመነህ አንተው ንገራቸው።»

10

የጣሪያው ማራገቢያ ብቻ ይንቋቋል። ያፌት መድረኩ ላይ እጁን ደረቱ ላይ እንዳደረገ ደርቋል።

ታፈረ ማይክሮፎኑን ተቀበለ። እህቱን አየ። የሚናገር መሰላት፤ ዛሬም ትምላለች፣ ሊናገር ነበር።

«እሱ . . .» አለ። «እሱማ ያለኝ . . .»

ሽብሩ ከመሃላቸው ብድግ አለ።

«አትወርውር!»

አዳራሹ ተናወጠ። ሰው ሁሉ ቆመ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ከኋላ «አንበሳው!» የሚል ተነሳ። ሽብሩ ሁለት ቡጢውን ሰቅሎ እንባውን ይዘረግፋል። ታፈረ ማይክሮፎኑን ወንበር ላይ አኖረና አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት። ጆሮው ሥር የሆነ ነገር ሲለው ትርንጎ አየች። በዚያ ጩኸት መሃል ግን ምን እንዳለው አልሰማችም።

ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሌላው ሁሉ ቆሞ ነበር።

11

ባጃጅ ተሳፍረው ወደ ቤት እየተመለሱ ነው። ጀምበር ገና አልጠለቀችም። ሽብሩ የሱፉን ኮት አውልቆ ጉልበቱ ላይ አጣጥፎታል፣ ቀኝ እጁ ኮቱ ሥር ይንቀጠቀጣል። ሰዎች ከመንገድ ዳር እጃቸውን ሲያውለበልቡለት ዓይኑን ከኮቱ አላነሳም።

አንድ ቃል እየፈለገ ነው። ታውቀዋለች፤ ሲፈልግ ግንባሩ እንዲህ ይቋጠራል። ጠበቀችው።

«ትርንጎዬ» አለ በመጨረሻ።

«አቤት።»

«ታፈረ . . . ይቅር በለኝ አለኝ።»

ሹፌሩ ራዲዮኑን ቀነሰ።

«ምን አድርጎኝ ነው?»

ፊቷን አየው። እንደ ሕፃን አይደለም ያያት፤ እንደ ባል ነው። ከዚያ ግጥሚያ ወዲህ እንዲያ አይቷት አያውቅም። የሚንቀጠቀጠውን እጁን ያዘች፤ በዚህ ጊዜ ግን እጁ ላይ አልቆመችም፣ እስከ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደረሰች።

12

«                                                            » አለችው።