አሥራ አንደኛው ቅምሻ

ማክሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተነሣሁ። ገንፎዬን በላሁ፤ ሻይ ግን አልጠጣሁም፣ የቅምሻ ቀን ነው። ጥርሴንም በባዶ ውሃ ቦረሽኩ። ቁልቁለቱን ወርጄ የጠመቃ ቤቱን በር ከፈትኩ፤ የበርሜሎቹን ሙቀት አይቼ መዘገብኩ፤ ወለሉን አጠብኩ። ከዚያ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ለሦስት ሰው ሦስት ሦስት ብርጭቆ ደረደርኩ፤ ከየብርጭቆው አጠገብ ውሃና ጨው የሌለው ብስኩት አኖርኩ።

ቀማሾቹ አራት ሰዓት ላይ መጡ። ኖርማን አውቶቡስ ነጂ ነበር፣ ማልከም ደግሞ ፖስታ አዳይ፤ ሁለቱም ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ግሌንዳ ጎረቤቴ ናት፤ ሠላሳ ዓመት በአንድ አጥር ተዋስነን ኖረናል። ሦስቱም የባለቤቴ የክላይቭ የመጠጥ ቤት ጓደኞች ነበሩ።

«ኖርማን፣ ሻይ ጠጥተህ መጥተሃል» አልኩት ኮቱን ሳያወልቅ።

«ኧረ አልጠጣሁም፣ ሆዴ።»

«ጢምህ ላይ ወተት አለ።»

«እሱ የትናንት ነው።»

«የዮርክሻየር ሰው ሻይ ሳይጠጣ ከቤቱ ከወጣ ቤቱ ተቃጥሎ ነው» አለ ማልከም። እሱም መጠጣቱን ከዚህ ዐወቅኩ። በወተት ሻይ የተለበጠ ምላስ ምን እንደሚለይ አላውቅም። ውሃውን አሳየኋቸውና ተጉመጠመጡ።

ክላይቭን ሐኪሙ አልኮል የከለከለው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። መጠጥ ቤት ውስጥ ሁሉም በተራው ለሁሉም ይገዛል፤ ለስላሳ የያዘ ሰው ማንም ሳያስወጣው ከተራው ይወጣል። ክላይቭ መውጣት አልፈለገም። ሁለት ዓመት ደክሞ አልኮሉ ግማሽ በመቶ ብቻ የሆነ አይፒኤ፣ መረር ያለ ቢራ፣ ጠመቀ። ጓደኞቹም እሱን መጠጣት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ለሱ ሲሉ፣ በኋላ ለራሳቸው።

ባለፈው ኅዳር ሞተ። ቢራው በጥር አለቀ። ከየካቲት ጀምሮ በደብተሩ እየተመራሁ መልሼ ልጠምቀው ሞክሬአለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬአለሁ፤ በጽሑፍ የተቀመጠን ነገር መድገም አያቅተኝም ብዬ ነበር። ይህ አሥራ አንደኛው ነው። ሐሙስ ቢራውን በጣሳ የሚያሽገው መኪና ይመጣል፤ ጣሳዎቹ ላይ የክላይቭ ስም ታትሟል። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ደውዬ «ኑ» ወይም «ቅሩ» ማለት አለብኝ። ይህ ቢራ የሱ ነው ወይስ አይደለም? ብቻዬን ስቀምሰው የሚናገረው ምላሴ ይሁን ትዝታዬ መለየት አልቻልኩም። ስለዚህ የነሱ ምላስ ያስፈልገኛል።

ሕጉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ይጻፋል፣ ከዚያ ይነበባል። ያለፉት አሥር ቅምሻዎች ወረቀት በሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። «ጥሩ ነው።» «መጥፎ አይደለም።» «ይጠጣል።» «ደስ ይላል።» ሰኔ ላይ እንደ ጌሾ ምሬት የሚሰጠውን ሆፕ በግማሽ ቀንሼ አቀረብኩላቸው፤ «ደስ ይላል» አሉ። አንድ ቀን ማልከም «ቢጫ ነው» ብሎ ጻፈ። ከሁሉ የሚሻለው አስተያየት እሱ ነበር፤ ቢያንስ እውነት ነው።

ስለዚህ በዚያ ጠዋት ከሦስቱ ብርጭቆዎች ሁለቱን በአሥራ አንደኛው ሞላሁ። በስተቀኝ ባለው ውስጥ ግን ማሞቂያው ላይ ሦስት ሳምንት የሰነበተ ቢራ ቀዳሁ። የተበላሸ ነው፤ ለማወቅ ማሽተት ይበቃል።

«አንዱ ከሁለቱ ይለያል» አልኳቸው። «የትኛው እንደሆነና ምን ምን እንደሚል ጻፉ።»

ጠጡ። ኖርማን ጣሪያውን አየ፤ ማልከም ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሣ። ግሌንዳ ከሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ፉት አለችና ፈጥና ጻፈች።

«ግራ፣ የብርቱካን ልጣጭ» ብሎ አነበበ ኖርማን። «መካከል፣ የብርቱካን ልጣጭ። ቀኝ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ትንሽ ሰንበት ያለ። ሁሉም መልካም።»

ማልከም «ጥድ ጥድ ይላሉ፤ ልዩነት አላየሁም። ክላይቭ ደስ ይለው ነበር» አለ።

ግሌንዳ ከወረቀቷ ቀና ሳትል አነበበች። «ቀኙ ይበልጣል። ቁርጥ የክላይቭ ነው።»

እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ።

«ቀኙ የተበላሸ ነው» አልኩ። «ሆን ብዬ አበላሽቼው ነው። እርጥብ ካርቶን ነው የጠጣችሁት።»



«ካርቶን መሆኑንማ ዐውቄአለሁ» አለ ማልከም። «አርባ ዓመት በዝናብ እሽግ አድያለሁ። እርጥብ ካርቶን ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?»

«አንቺ የሠራሽው መስሎኝ ነዋ።»

«የሠራሁትን እንድትነግሩኝ እኮ ነው የጠራኋችሁ። ሌሎቹን ሁለቱን እንደገና ቅመሱና ክላይቭ እንደሌለ አድርጋችሁ ንገሩኝ።» ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ የለምና። ግን ማንም አላረመኝም።

ኖርማን እንደገና ጠጣ፤ በዚህኛው ጊዜ አፉ ውስጥ አቆየው።

«ቀጭን ነው፣ ሆዴ። ሲገባ ብርቱካን አለው፤ አገባቡ ያምራል። ከዚያ መሀሉ የለም። ከአፋፉ ዘለሽ ምሬቱ ላይ ትወድቂያለሽ፤ ምሬቱም እንደ አስፕሪን ምላስ ሥር ይቀራል።»

«ስኳር ስኳርም ይላል» አለ ማልከም። «ቀዝቃዛ አጥሚት። የሱ መሀሉ ላይ ዳቦ ነበረው፤ የዳቦ ቅርፊት። ሲዋጥም ስኳር አፍ ላይ አይተውም ነበር፤ አንዱን ሳትጨርሺ ሁለተኛው ያምርሻል። ይሄ አንዱም ይበዛል።»

«ከአሥራ አንዱ ወደሱ የቀረበ የቱ ነበር?»

ተያዩ። «አንዱም አልቀረበም» አለ ኖርማን።

«አሥረኛውን ጥሩ ነው ስላላችሁኝ ነው ይህን ስምንት መቶ ሊትር የጠመቅኩት።» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ አወረድኩት። «ውሃውን ለወጥኩ። ብቅሉ የሚዘፈዘፍበትን ሙቀት ለወጥኩ። ልክ የነበረውን ነገር ስለውጥ፣ ልክ ያልነበረውን ስተው ከርሜአለሁ። ከእናንተ አንዱ ‹መሀሉ የለም› ቢለኝ ኖሮ በመጋቢት ምክንያቱን እፈልግ ነበር።»

«ደብተሩ ምን ይላል?» አለ ማልከም።

አምጥቼ ገለጥኩት። ብቅሉ በግራም፣ ሆፑ በደቂቃ፣ ውሃው በዲግሪ ተጽፏል። «እርሾ» ከሚለው ፊት ለፊት ግን «እንደ ቀድሞው» ይላል። የቀድሞው ገጽም «እንደ ቀድሞው» ይላል። መደርደሪያው ላይ የነበረው የፓኬት እርሾ ስለሆነ እሱን ነበር የምጠቀመው።

«ፓኬት?» አለ ኖርማን። «ክላይቭ እርሾውን በማርማላታ ጠርሙስ እያሳደረ እንደ ድመት ይቀልበው አልነበር? አልኮል የማያበዛ፣ ዳቦ ዳቦ የሚል ሰነፍ እርሾ አገኘሁ እያለ ሲኮራ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«የምታውቂ መስሎኝ። ሚስቱ ነሽ።»

ግሌንዳ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሄዘር» አለችኝ፣ «ጠርሙሶቹን የደፋሁት እኔ ነኝ።»

ዞር ብዬ አየኋት።

«የቀብሩ ዕለት ፍሪጅሽን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ለለቀስተኞቹ ሳንድዊች ቦታ አጣሁ። ታች ሦስት ጠርሙስ ግራጫ ነገር ነበር፤ የተጻፈበት የለም። የተበላሸ ሾርባ መሰለኝና ደፋሁት። ሚያዝያ ላይ ኖርማን መጠጥ ቤት ይህንኑ የድመት ነገር ሲያወራ እርሾው እንደነበር ገባኝ። ከዚያ ወዲያ አንዱ ይሳካልሻል ብዬ ስጠብቅ... ሁሉንም ጥሩ ነው እያልኩ ጻፍኩ።»

«ከጠርሙሶቹ አንዱ እንዲያው ሳይታጠብ የቀረ የለም?»

«በፈላ ውሃ ነው ያጠብኳቸው። ማርማላታ ሞልቼባቸዋለሁ። አንዱን ለገና ለአንቺ ነው የሰጠሁሽ።»

በልቼዋለሁ። ልቆጣት ፈለግኩ፤ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ፍሪጁ የኔ ነው። እነዚያን ጠርሙሶች ሦስት ዓመት ወተት ባወጣሁ ቁጥር አይቻቸዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሆኑ አልጠየቅኩትም።

«ለሌላ ጠማቂ ሰጥቶ ይሆን?» አልኩ ኖርማንን።

«ክላይቭ? ጃንጥላውንም አያውስም ነበር።»

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ጉዳይ ሲል ወደ ማሸጊያው ደውዬ «ቅሩ» አልኳቸው። ሴትዮዋ ምክንያቱን ጠየቀችኝ፤ ቢራው ልክ አይደለም አልኳት። ከዚያ የበርሜሉን ቧንቧ ከፈትኩ። ማልከም ጎማውን ወደ ማፍሰሻው ያዘልኝ። ስምንት መቶ ሊትር ለመፍሰስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ቤቱ ብርቱካን ብርቱካን ሸተተ። ግሌንዳ ብርጭቆዎቹን ስታጥብ ማንም «ተይው» አላላትም።

ብቅል አለ፣ ሆፕ አለ፣ ስሙ የታተመባቸው ሁለት ሺህ ጣሳዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እርሾው የለም።