አኮርዲዮኑ የት ደረሰ?

እኔ ቁጡ ነኝ፤ አልደብቅም። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ትዕግሥተኛ የምመስላቸው ሰዎች አሉ፤ የእኔ ትዕግሥት ግን ከመርፌና ከክር አያልፍም። በአሥር ቀን ይደርሳል የተባልኩት አኮርዲዮን ወር ሲያልፈው እሷም አለቀች።

ያዘዝኩት ለአባቴ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ በወጣትነቱ ግን አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። እናቴ "እኔ የወደድኩት አኮርዲዮኑን ነው፤ ሰውየው በምርቃት መጣ" ትላለች። አሮጌውን አይጥ ቦጫጭቆ ጨረሰው። አምና ደግሞ አባቴ ታመመና የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አልታዘዝ አሉት። ከዚያ ወዲህ ሸሚዙን ስቆልፍለት ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው። ሐኪሙ "ጣቶቹን ያሠራቸው" ሲለን ለእናቴ ሳልነግራት አኮርዲዮኑን አዘዝኩ። ቅዳሜ ስድሳ ዓመት ሲሞላት ሊጫወትላት ተስማማን።

በየጠዋቱ ገበያው አጠገብ ያለውን ሱቄን ከፍቼ ወደ ዕቃ አመላላሾቹ ቢሮ እደውላለሁ።

"እህቴ፣ ዕቃው ደርሷል፤ ተፈርሞበታል" ይለኛል ጸሐፊው።

"ማን ፈረመ? የጎረቤት ድመት?"

"እኔ እንጃ፣ መዝገቡ እንደዛ ነው የሚለው።"

"እንግዲያው መዝገቡ አኮርዲዮን ይጫወትልኝ!" ብዬ ጆሮው ላይ እዘጋበታለሁ።

ለምሳ ቤት ስገባ ለአባቴ "ዛሬም የለም" ብዬ አንሾካሹክለታለሁ። "አይዞሽ ልጄ፣ መኪናም ይበላሻል" ይለኝና ባርኔጣውን ደፍቶ አጥር የሚያዋስነን ፀጉር አስተካካይ ጋ ይሄዳል። በየቀኑ! አባቴ ደግሞ ራሰ በራ ነው።

"አንተ ሰው፣ የትኛውን ፀጉርህን ነው የሚቆርጥልህ?" ትለዋለች እናቴ። እሱ ሳቅ ብሎ ይወጣል።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ደሜ ፈላ። ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። ጸሐፊው ድምፄን ሲሰማ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ከዚያ መዝገቡን አዙሮ አሳየኝ። ዕቃው ከሦስት ሳምንት በፊት ደርሷል። ፊርማው ጫፍ ላይ ትንሽ ጎማ ተስላለች።

ያቺን ጎማ አውቃታለሁ፤ የትምህርት ቤት ካርዶቼ ላይ ሁሉ አለች። አባቴ ጎማ ካልሳለበት ፊርማው የሚንቀሳቀስ አይመስለውም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጸሐፊውን ይቅርታ ጠየቅኩት። የኮቱ ቁልፍ ልትወድቅ ተንጠልጥላ ስላየሁም እዚያው ቆሜ ሰፋሁለት።

በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ በረርኩ። ከጓሮ አኮርዲዮን ይሰማል። ዜማው ጥሩ አድርጎ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ ይደናቀፋል፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።

"ጋሼ፣ ኧረ ለልጅዎ ይንገሯት፤ ሰዎቹን በስልክ ልትጨርሳቸው ነው" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"መኪናውን ሳልፈትሽ ሰው ጭኜ አላውቅም" አለ አባቴ። "ሸሚዜን መቆለፏ ይበቃታል። ስደናቀፍ ደግሞ አታየኝም።"

በሩን ሊገፋ የነበረውን እጄን መለስኩ። እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጣ። አመሻሽ ላይ አባቴ ቤት ሲገባ "ዛሬም አልመጣም! እነዚህ ሰዎች ሊያሳብዱኝ ነው!" ብዬ ጮህኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ተቆጥቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ አኮርዲዮኑን ታቅፎ ሳሎን ገባ። "ይኸው፣ ዛሬ ጠዋት ደረሰልሽ" አለኝ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ አንዷ ቁልፍ ቀዳዳዋን ስታ የጎረቤቷ ውስጥ ገብታለች። እኔ አልነበርኩም የቆለፍኩለት።

መጫወት ጀመረ። ያቺ ክፉ ቦታ ስትቀርብ ትንፋሼን ያዝኩ። ሁለቱ ጣቶች ቀስ ብለው ወረዱ፤ አለፋት!

"ተመስገን!" ብላ እናቴ ከወንበሯ ተነሣች። "ሦስት ሳምንት ሙሉ ልብስ ሳሰጣ በአጥሩ እየሰማሁህ፣ እዚያች ላይ በወደቅህ ቁጥር አብሬህ ስወድቅ ከረምኩ እኮ!"

አባቴ እሷን አየ፤ ከዚያ እኔን።

"አንቺም?"

"ጎማዋ" አልኩት።

ሳቁ ሲያንፈራፍረው አኮርዲዮኑም ደረቱ ላይ አብሮት አቃሰተ። እናቴ እንባዋን እየጠረገች የሳተችውን ቁልፍ ልታስተካክልለት እጇን ዘረጋች።

"ተይው" አላት። "ራሴ ነኝ የቆለፍኩት።"