ፎርማው ማን ጋ ይቀመጥ?

ወኪሉ ውሉን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ዓይኔ እጁ ላይ ነበር። ለስላሳ እጅ ነው፤ ማስቲሽ ነክቶት አያውቅም። እንዲህ ያለ እጅ ጫማ ቤታችን ሲገባ ደሜ ይፈላል፤ ምን ላድርግ፣ አፈጣጠሬ ነው።

"እንግዲህ ቤተሰብ ናችሁ፣ ተመካከሩና ፈርሙ" አለ። "መርከቡ ሐሙስ ይነሳል። ዛሬ ካልሆነ ለሌላ ወቅት ነው።"

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አልኩት።

እናቴ ከመነጽሯ በላይ ገላመጠችኝ። ታናሽ ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። አምባሳደር ነው የምንለው፤ ከሰው ጋር ሲያወራ አፉ ቅቤ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን ትቶልን የሄደው የሴት ጫማ ድርጅት የሦስታችን ነው፤ እሱ ያወጣው ደንብም አለን፦ ሦስታችን ካልተስማማን ምንም አይፈረምም። ርካሹ የፕላስቲክ ጫማ ከውጭ እየገባ ከተማውን ካጥለቀለቀው ወዲህ ገበያችን ሞቷል። ሠራተኞቹን ለጊዜው እረፍት አስወጥተናል፤ መወጠሪያ ክፍሉም ከተዘጋ ሰነበተ። ስለዚህ እኛም ወደ ውጭ መላክ አለብን፤ በዚህ ጠብ የለንም። ጠቡ እንዴት በሚለው ነው። እኔ የራሳችንን የላኪነት ፈቃድ እናውጣ፣ በራሳችን ስም ጥቂት ጥቂት እየላክን እንልመደው ባይ ነኝ። አምባሳደር ደግሞ ፈቃድ ስንጠብቅና ገዢ ስንፈልግ ሠራተኛው ይበተናል፣ መንገዱን በሚያውቅ ሰው በኩል እንግባ ይላል። ወኪሉ የሠራነውን ሁሉ ሊገዛን ዝግጁ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ ጫማው ላይ የእሱ ምልክት እንዲታተም፣ ፎርማዎቹም እሱ መጋዘን እንዲቀመጡ።

ፎርማ ማለት ጫማው የሚወጠርበት የእንጨት እግር ነው። የእኛን አባቴ በእጁ ነው የጠረበው፤ የስንቷን ሴት እግር እየለካ፣ እየፋቀ፣ መልሶ እያስተካከለ። የእነሱ ጫማ ተረከዝ አይልጥም የምንባለው በዚያ ነው። ቆዳ ከየትም ይገዛል፣ ሰፊም ከየትም ይቀጠራል። ፎርማው ከሄደ ግን በገዛ ቤታችን የሰው ቅጥረኞች ነን፤ አለቀ።

"ፎርማውን እንኳ ይተዉልን" አለችው እናቴ ስፌቷን ሳታቋርጥ።

"እማማ፣ ነገ ለሌላ ገዢ ብትሸጡብኝስ? እኔም ዋስትና ያስፈልገኛል እኮ።"

"እውነታቸውን ነው" አለ አምባሳደር። ፍጥነቱ አናደደኝ።

"አንተ ከማን ወገን ነህ?"

"ደመወዝ ከሚጠብቁት ወገን! ኩራትሽን ልታበያቸው ነው?"

ጎሽ፣ በእንግዳ ፊት። እልኬ መጣ።

"ጥሩ" አልኩት ወኪሉን። "ዋስትና ከሆነ የፈለጉት፣ ግራ ግራውን ይውሰዱ፣ ቀኝ ቀኙ እኛ ጋ ይቅር። እርስዎ ያለ እኛ አይሠሩ፣ እኛ ያለ እርስዎ አንሠራ። ከዚህ በላይ ፍርድ ከየት ላምጣ?"

እናቴን ሳቅ አመለጣት። ወኪሉም ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ወደ ወንድሜ ዞሮ "አልነገርካቸውም እንዴ?" አለው።

የአምባሳደር ፊት ዓመድ መሰለ።

ወደ መወጠሪያ ክፍሉ ሮጥኩ። የፎርማዎቹን ቁምሳጥን ስከፍተው መደርደሪያዎቹ ባዶ ናቸው። ታች አንድ የተሰነጠቀ ፎርማ ተጋድሟል፤ ሌላ ምንም የለም። በቁሜ ደረቅኩ። ከዚያ የደረቀው ሁሉ ነደደ።

"የት ናቸው?" አልኩ ተመልሼ።

"ባለፈው ወር ነው... አይቼ እመልሳለሁ ብለውኝ ነበር" አለ አምባሳደር፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ።

"እኔ ጋ በሰላም ተቀምጠዋል" አለ ወኪሉ። "የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።" እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። አላስፈራራኝም፤ ማስፈራራት ምን አስፈለገው?

ወንድሜን በጥፊ ማጠናገር አማረኝ። "ምን ሰጠህ? ምን ቢሰጥህ ነው?"

"ምንም!" ብሎ ጮኸ። "ምንም አልሰጠኝም። ሥራ አስኪያጅ ብሎ ጠራኝ፤ ሐሳቤን ጠየቀኝ። እዚህ ቤት እኔ ምንድን ነኝ? ሲላክ የሚሄድ፣ ሲመለስ የሚሳቅበት! አንድ ቀን 'አንተስ ምን ትላለህ?' ብለሽኝ ታውቂያለሽ?"

አንጀቴን በላኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም። እናቴ ስፌቷን አስቀምጣ ታየኛለች።

"እሺ፣ ጠየቅኩህ" አልኩት። "ምን ትላለህ? እዚሁ እሱ ፊት ተናገር። ፈርሚ ካልክ እፈርማለሁ።"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። እናቴም "አበድሽ?" አለችኝ። አምባሳደር እስክሪብቶውን አነሳ። አገላብጦ አየው፣ ከደነው፣ ለወኪሉ መለሰለት።

"ፎርማዎቹን ዛሬ ይመልሱልን" አለ። "የምንልከው ራሳችን ነን።"

"ዛሬ እንኳ አይመችም፤ መጋዘኑ ሩቅ ነው።"

"ችግር የለም፣ አብሬዎት እሄዳለሁ" ብሎ ጃኬቱን አነሳ።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ እኔና እናቴ አምባሳደር ጋ ስንደውል ዋልን። ስልኩን አያነሳም። ስጋቱ ሲብስብኝ የምሰድበውን ስድብ አዘጋጃለሁ፤ ጥሩ ጥሩ ስድብ ነበር ያዘጋጀሁት።

ሊመሽ ሲል በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ፤ በሁለት ትከሻው ሁለት ጆንያ። ወለሉ ላይ ዘረገፋቸው። ግራም ቀኝም፣ አንድም አልጎደለም። እልል ልል አፌን ከፈትኩ።

"ቆይ" አለኝ። "እይው።"

አንዱን አነሳሁ። ተረከዙ ጋ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ነጭ ጀሶ ደርቋል። ሌላውን አነሳሁ፤ እሱም ጀሶ። ሌላውም።

"ቅጂ አውጥቶባቸዋል" አለ። "መጋዘኑ ውስጥ ጫማ አየሁ። በአባዬ ፎርማ የተወጠረ፣ የእሱ ምልክት የታተመበት። ሊያስፈርመን የነበረው ስርቆቱን ሕጋዊ ለማድረግ ነው። ጫማው ሐሙስ በመርከቡ ይሄዳል።" ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ውሻው እኔ ነኝ።"

ካዘጋጀሁት ስድብ አንዱ እንኳ አልመጣልኝም።

እናቴ የላኪነት ፈቃድ ማመልከቻውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እሷ ፈረመች፣ እኔ ፈረምኩ። ወደ እሱ ስገፋው እጁን ሰበሰበ።

"እኔ ባልፈርም ይሻላል። ከእንግዲህ አንቺ የወሰንሽው ይሁን።"

ዕድሜ ልኬን ስመኘው የኖርኩት ቃል ነው። ሲመጣ ግን አስጠላኝ።

"ዝም ብለህ ፈርም!" ብዬ ጮህኩበት። "የአባዬ ጫማ በሌላ ሰው ስም ቀድሞን ሊወጣ ነው። ገዢው ፊት ቆሞ ዋናው የእኛ ነው ብሎ የሚያሳምን አፍ ያለህ አንተ ነህ፤ እኔ በመጀመሪያው ቃል እጣላለሁ። ብቻዬን ልትሰደኝ ነው?"

እያለቀሰ ፈረመ። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጀሶውን በመርፌ መፈንቀል ጀመርኩ።