ባሕር ውስጥ የበቀለው ዛፍ

«ዛፍ ባሕር ውስጥ ይበቅላል? ጓድ ጋሼ ረታ፣ እንደ ሕፃን አያታሉኝ!»

የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ አዝመራ የሥዕል ደብተሩን አንዴ አቅንቶ አንዴ ዘቅዝቆ ያያል። «ጓድ» የሚያሰኘው ሥራው፣ «ጋሼ» የሚያሰኘው አስተዳደጉ ነው። ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ባሕር ሲሉት ሐሳቡ ከቢሾፍቱ ሐይቅ አያልፍም። ለመሣሪያ አሰሳ ገብቶ ከአልጋ ሥር ያገኘው ይህንኑ ብቻ ነበር፦ የአሰብን ዳርቻ፣ አሸዋውን፣ ውሃው ውስጥ ሥሮቻቸውን አንሰራፍተው የቆሙ ዛፎች።

«ይሄ ካርታ ነው። ዛፎቹም መርከቦች ናቸው።»

«መርከብ ቅጠል አለው እንዴ ልጄ?» አሉ ጋሼ ረታ። ጡረታ የወጡ የሥዕል አስተማሪ ናቸው፤ ሰው ስለው አያውቁም፣ ዛፍ ብቻ። «በዓይኔ ያየሁትን ነው የሳልኩት።»

«እንግዲያው ቀበሌ ሄደው ያስረዳሉ። ጫማዎን ያድርጉ።»

በዚያ በሰባ ዓመተ ምሕረት ሊያስረዳ ቀበሌ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ጋሼ ረታ አንዱን ጫማ አድርገው ሌላውን ከአልጋ ሥር ፈለጉ።

በሩ ላይ ጎረቤታቸው አብዱልገኒ ቆሟል። የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መኪናው ጭነቷን እንደያዘች ጉርድ ሾላ ሰፈር ቆማለች፤ እሱ የመጣው አዝመራ የይለፍ ወረቀቱን እንዲፈርምለት ነበር። ከጋሼ ረታ ጋር ከክረምት ወዲህ ተኮራርፈዋል። የጋሼ ግቢ የሾላ ዛፍ ፍሬውን የአብዱልገኒ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እያራገፈ እንቅልፍ ቢነሳው «ይቆረጥልኝ» አለ፤ እሳቸው ደግሞ «ስዬ ሳልጨርስ አይነካም!» አሉት።

አብዱልገኒ ወረቀቱን አየ። አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ይበቅላል ጓድ አዝመራ። ግመሎች ባሕሩ ውስጥ ገብተው ቅጠሉን ሲበሉ አይቻለሁ።»

«ግመል? ባሕር ውስጥ?»

«እስከ ሆዷ።»

«አንተስ እዚያ ቆመህ ምን ትሠራ ነበር?»

«ጎማ ስቀይር።»

አዝመራ ሁለቱን አፈራርቆ አየና ደብተሩን አልጋው ላይ ወረወረ። «ያንተን ወረቀት ሳላጣራ አልፈርምም። እርስዎም ጋሼ፣ ከእንግዲህ ዛፍ ሲስሉ መሬት ላይ ይሁን!» ብሎ ወጣ።

ጋሼ ረታ በአንድ እግር ጫማ ተቀምጠው ቀሩ። ከዚያ ደብተሩን አነሡ። መጨረሻው ገጽ ላይ ያ ሾላ አለ፣ ግማሹ ብቻ ተስሎ።

«በኔ የተነሳ ሥራ ፈታህ። ነገ አስቆርጥልሃለሁ፤ ሥዕሉም ይቅር» አሉ።

«ተዉት ጋሼ» አለ አብዱልገኒ። «ከተቆረጠ በኋላ አብዮት ጠባቂዎቹ ሥዕሉን ደብተሩ ውስጥ ቢያገኙት፣ ‹ዛፉ የታለ?› ብለው የሚጠይቁት እኔኑ ነው።»