እግሬ ፍሬኑ ላይ

የልጄ ባል ክሪኩን ከመኪናዋ ሥር ሲያስገባ በሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። «አትንካት ብዬሃለሁ» አልኩት። ሰምቷል፤ ግን እንዳልሰማ ሆነ።

ሰውየው አናጢ ነው። ቁም ሳጥን ሲሠራ እጁ ይባረክ፣ እሱን አልክድም። ግን እንጨት የገባው ሁሉ ብረትም ገባኝ ሲል ደሜ ይፈላል። በሆዴ «አዋቂው» ነው የምለው። አንዳንዴ ያመልጠኝና በአፌም እለዋለሁ።

መኪናዋ ከሟቹ ባለቤቴ የቀረች ናት። ማርሽ ራሷ የምትቀይር ዓይነት ስትሆን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ቁጥር ቢነገር የሚያምን የለም። ሰሞኑን ታማለች። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ እሷ ንቅንቅ አትልም፤ ቆይታ ደግሞ ሰው ከኋላ የገፈተራት ይመስል ዘላ ትሄዳለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆማ በከረመች ነበር። ነገር ግን በማግስቱ ጠዋት የልጅ ልጄ ሆስፒታል መግባት ነበረባት። የጭኗ አጥንት ተሰብሮ ተጣሞ ስለገጠመ እንደገና ሊያቀኑላት ነው። አልጋ ስንለምን ከርመን አሁን ገና አገኘን፤ ጠዋት ካልደረሳችሁ ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል ተብለናል። ሆስፒታሉ ከዳገቱ ማዶ ነው። ልጅቷ እግሯን አጥፋ መቀመጥ ስለማትችል፣ አዋቂው የመኪናዋን የኋላ ወንበር ነቅሎ በቁመቷ ልክ ሳንቃ ገጥሞ ፍራሽ አንጥፎላታል። ታክሲ ቢሉ የት አጋድመን እንወስዳታለን? ያለችን ይቺው አሮጊት መኪና ናት። እኔም አሮጊት ነኝና አሮጊት ላይ ሙከራ ሲደረግ አልወድም።

«የካምቢዮው ዘይት ተቃጥሏል» አለ ከሥር ተጋድሞ። «ዛሬ ካልቀየርኩት ነገ ዳገቱን አንወጣውም።»

«የአሮጌ መኪና ካምቢዮ በቆሻሻው ነው ተጣብቆ የሚኖረው። አጠብከው ማለት ገደልከው።»

«ይህን ማን ነገረዎት?»

«ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።»

«እንግዲያው ነገ ሰው ሁሉ መጥቶ ይገፋታላ።»

«እርስዎ» ሲለኝ ማክበሩ አይምሰላችሁ። አጥር ማጠሩ ነው። እኔም በበኩሌ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ «ያ ሰውዬ» ካልሆነ «ባልሽ» ነው የምለው። በአንድ ጣሪያ ሥር እንኖራለን፣ እሱ የሚሠራውን አይነግረኝ፣ እኔ አልጠይቀው። ልጄ ስትኖር በእሷ በኩል እንነጋገራለን። በዚያ ቀን ግን ፋብሪካ የቀንና የሌሊት ፈረቃ ደርባ ስለነበር አስታራቂ አልነበረንም።

የልጅ ልጄ ከተኛችበት መስኮቱን ገፋ አድርጋ አንገቷን አወጣች። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ጎረቤት ይሰማል!»

«ይስማ!» አልናት ሁለታችንም በአንድ አፍ። ያን ቀን የተስማማንበት ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነው።

ከዚያ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬን አንስቶ ከሥሯ ደቀነው። ሳፋዬን! አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ የማፍሰሻውን ብሎን ፈታና ዘይቱ መንዠቅዠቅ ጀመረ። ጥቁር ነው፤ ሽታው ድስት ያረረበት ቤት ይመስላል። የሥሩን ክዳንም ፈቶ አወረደ። «የክዳኑ ጎማ ተበጣጥሷል» አለ ለራሱ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ለእኔ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ አዲስ ጎማ ሊገዛ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ።

ሳፋውን ከመኪናዋ ሥር ጎትቶ ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው መተላለፊያ ላይ ገትሮት ነበር። ያቺ ልጅ በክራንች ያን መንገድ ነው የምትሄድበት። ዘይቱ ጠብ ጠብ ብሎ ሲሚንቶው አብረቅርቋል። አንድ ጊዜ ክራንቹ ቢያዳልጣት? የተጣመመው ሳይቃና ሌላው ቢሰበር? ይኼ ሰውዬ ልብ አለው ወይስ በልቡ ቦታ ሳንቃ ነው የገጠመው? እየተራገምኩ ሳፋውን አንስቼ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ ተሸክሜ፣ ከጓሮ ካለው የቆሻሻ ጉድጓድ ገለበጥኩት። ሲሚንቶውን በሳሙና ፈገፈግኩት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ አሁንም ይመስለኛል።

ሰውየው ተመልሶ ዙሪያውን ቃኘ።

«ዘይቱስ?»

«የቱ ዘይት?»

«ሳፋው ውስጥ የነበረው!»

«ደፋሁት።»

የገዛውን ጎማ እንደያዘ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለ። «እሱ እኮ ነው መለኪያዬ» አለ። «የወጣውን በሊትር ሰፍሬ ያንኑ ያህል አዲስ ልሞላ ነበር። አሁን በምን ልወቅ?»

«ቆሻሻ ይሰፈራል እንዴ? ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎ ሲነግሩዎት ይሰማሉ?»

«ነግረኸኝ ታውቃለህ?»

ጎማውን ገጥሞ ክዳኑን መለሰ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ መኪናዋን ከክሪክ አወረደና በቀጭን ቱቦ አዲሱን ዘይት ማንቆርቆር ጀመረ። አዲሱ ቀይ ነው፣ ደም መሳይ። አንዴ ይሞላል፣ አንዴ መለኪያውን ዘንግ መዝዞ በጨርቅ ይጠርጋል፣ ይከታል፣ ይመዛል። መጨረሻ ላይ «ደርሷል» አለ። ኮፈኑን ዘግቶ ገባ፤ ሞተሩን አስነስቶ ማርሹን ወደፊት ሰጣት።

ሞተሩ ጮኸ። መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም። ወደኋላ ሰጣት፤ ያው ነው። እንደ ሞተች ከብት ተዘርግታ ቀረች።

«ገደልካት!» አልኩ። «እሰይ! ያልኩህ ደረሰ!»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ በጣም ቀፈፈኝ። እሰይ የምለው በማን ላይ ነው? ወደ መስኮቱ ዞር ስል ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ታየናለች።

«ስለዚህ ነገ አልሄድም ማለት ነው?» አለች። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

አዋቂው ስልኩን አውጥቶ መኪናዋን ሲጠግን የኖረው መካኒክ ጋ ደወለ። መካኒኩ ዘመድ ጥየቃ ሩቅ ሄዷል፤ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ስላደረገው ሁላችንም ሰማነው።

«ስትለካው ሞተሩ ተነስቶ ነበር?» አለ መካኒኩ።

«አይ፣ ጠፍቶ ነው።»

ያኛው ሳቁን ለቀቀው። «ወንድሜ፣ ጠረጴዛ መሰለችህ እንዴ? ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ የሞላ ይመስልሃል። ጎድሎባት ነው፤ አልሞተችም። አስነሳት፤ አንድ ሰው መሪው ጋ ተቀምጦ ፍሬን ይርገጥ፣ ማርሹን በየቦታው እያዞረ ወደ ማቆሚያው ይመልሰው። አንተ እየለካህ ጨምር። የእጅ ፍሬኗን ግን እንዳታምናት፤ እኔ ራሴ አውቃታለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሰውየው ወደ አጥሩ ተመለከተ። «ከጎረቤት ሰው ልጥራ።»

«ለምን? እኔ እግር የለኝም?»

«ነድተው ያውቃሉ?»

«አልነዳም፤ እረግጣለሁ። መርገጥ ደግሞ፣ የሚረገጠው ከተገኘ...»

የመኪናዋን በር ከፈተልኝ። የትኛው ፍሬን እንደሆነ አሳየኝ፤ እንደ ሕፃን ሁለቴ አስደገመኝ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ከፊት ቆመ። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ቤቱ ግድግዳ፣ ወደ ልጅቷ መስኮት አዙራ ነው የቆመችው። እሱ በግድግዳውና በመኪናዋ መሐል ነው፤ አንድ ክንድ የሚሆን ቦታ ቢኖረው ነው። በኮፈኑና በመስተዋቱ መሐል ባለው ክፍተት እጆቹ ብቻ ይታዩኛል።

«እግርዎን እንዳያነሱ።»

«ባነሳስ?»

«ልጅዎ ባል ታጣለች።»

«ሌላ ታገኛለች።»

«እማማ!» አለች ልጅቷ ከመስኮት።

ማርሹን ወደኋላ ሳብኩት፣ ወደ መሐል፣ ወደፊት። ምንም የለም። ወደ ማቆሚያው መለስኩት። እሱ ለካ፣ ጨመረ፣ «ይድገሙት» አለ። ደገምኩት። ምንም የለም። ጨመረ። ጉልበቴ ከድሮም ደህና አይደለም። በሁለት እግሬ ረገጥኩት።

«ይድገሙት።»

ወደፊት ስሰጣት መኪናዋ ነፍስ ዘራች። ከሥሬ ደንገጥ አለችና ፍሬኑን መግፋት ጀመረች። ተራ ግፊት አይደለም፤ የታሰረ በሬ ገመዱን ሲስብ ማለት ነው። ወዴት ልትሄድ እንደፈለገች ገባኝ። ከፊቷ ያለው የሰውዬው ሆድ ነው፣ ከእሱ ኋላ ግድግዳው፣ ከግድግዳው በላይ የልጅቷ ፊት።

«ዞር በል!» ብዬ ጮኽኩ። «ይዛለች! ዞር በልልኝ!»

«ቱቦውን ይዣለሁ። እርስዎ ፍሬኑን ይያዙ።»

«ዞር በል እልሃለሁ፣ አንተ ደረቅ!»

«ወደ ማቆሚያው ይመልሱት፣ ቀስ ብለው!»

እጄ ላብ በላብ ሆኖ ማርሹ ያዳልጠኛል። እግሬን ተክዬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ አንድ በአንድ ወደ ላይ ገፋሁት። ማቆሚያው ላይ ቀጭ ሲል ግፊቱ ከሥሬ ጠፋ። እግሬን ግን አላነሳሁም። ዘንጉን መዝዞ በመስተዋቱ በኩል አሳየኝ፤ ቀዩ ምልክቱ ላይ ቆሟል። መጥቶ ሞተሩን ሲያጠፋም እግሬ ፍሬኑ ላይ ነው።

«በቃ፣ ያንሱት» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«መጥፋቷን ሳምን ነው የማነሳው» አልኩት። እግሬ አልታዘዘኝ ብሎ ነበር፤ ያንን ለእሱ አልነግረውም።

ጠዋት ልጅቷን ሳንቃው ላይ አጋደምናት። እኔ ከፊት ከጎኑ ተቀመጥኩ። እናቷ ገና ከፈረቃዋ አልተመለሰችም። ዳገቱ ሲጀምር መቀመጫዬን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ማርሹ መቼ እንደተቀየረ ሳላውቀው ግማሹን ወጣነው።

«ምን ያዩኛል?» አለኝ።

«መንገዱን እይ።»

«እያየሁ ነው።»

«እኔን እያየህ እንዴት መንገድ ታያለህ?»

«ዝም በሉ!» አለች ልጅቷ ከኋላ። ዝም አልን፤ ዳገቱም አለቀ።

ሆስፒታሉ በር ላይ በተሽከርካሪ አልጋ ተቀበሏት። አልጋዋ አለ፣ አልተሰጠባትም። ነርሷ «አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ልጅቷ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች። «እናቴ ስትመጣ እሷ ትገባለች። እነዚህ ሁለቱ ውጭ ይቆዩ» አለቻት ነርሷን። በሩ ተዘጋብን።

ግቢው ውስጥ ቆመን ቀረን። ትንሽ ቆይቶ ወደ መኪናዋ ሄደ፤ ተከተልኩት። ተንበርክኮ ከሥሯ ተመለከተ።

«ያንጠባጥባል?» አልኩት።

«አያንጠባጥብም።»

«በደንብ እይ።»

ጉንጩን መሬት ላይ አስደግፎ በደንብ አየ።