ገፊዎቹ የሚጫወቱበት እሁድ

«አንክል፣ ከዚያ ይውጡ እንጂ! ጋሪው እንደሆነ የትም አይሄድ።»

ኤርስኪን ጊትንስ ሰምተዋል፤ ግን አልወጡም። የባንዱ የብረት ከበሮዎች፣ ፓኖቹ፣ ከተጫኑበት ጋሪ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው የኋላውን ጎማ በጣታቸው እያዞሩ ኩሽኔታውን ያዳምጡ ነበር። ትናንት ግራሶ ቀብተውታል። ከትናንት ወዲያም ቀብተውታል።

«ትንሽ ሲጥ ሲጥ ይላል» አሉ ከሥር ሆነው።

«ሲጥ ሲጥ የሚሉትስ እርስዎ ነዎት» አለች ካሚኒ። «ሰው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል። የምንጠብቀው እርስዎን ብቻ ነው።»

ካሚኒ ራምዲን የኮራል ሂል ታዳጊዎች ባንድ አለቃ ናት። በቅርቡ ሃያ አንድ ዓመት ይሞላታል፤ ሃያ አንድ የሞላው ደግሞ ከታዳጊዎቹ ባንድ ይወጣል። ባንዱ ወደሚለማመድበት ወደዚህ ግቢ የገባችው ገና ጥርሷን ያልቀየረች ሕፃን ሳለች ነበር፤ እንደ ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ከትምህርት ቤት መልስ መጀመሪያ የቤት ሥራ፣ ቀጥሎ ምግብ፣ ከዚያ በኋላ ፓን። ከነዳጅ በርሜል ተቆርጦ የተቀጠቀጠውን ፓን ለመምታት እጁን ቢበላውም፣ ሒሳቡን ያልጨረሰ ልጅ መምቻ አይነካም። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ደግሞ ምንም የማይከፈላቸው የሰፈር ሰዎች ናቸው። ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ደብተር ያያሉ። ታንቲ ቨርና፣ የሁሉም አክስት፣ በትልቁ ድስት ሩዙን ከዶሮና ከአተር ጋር ታበስላለች። ጊትንስ የጋሪዎቹን ጎማ ይጠብቃሉ፤ የውድድር ቀን ደግሞ ልጆቹ ጋሪው ላይ ቆመው ሲጫወቱ እሳቸው ከሌሎች ጎልማሶች ጋር ከኋላ ይገፋሉ።

በዓመት አንድ እሁድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በዚያ ቀን ፈተና ያለፉት፣ ሥራ ያገኙት፣ የተሸለሙት ልጆች ስም ይጠራል። ከዚያ ልጆቹ ወርደው ጋሪውን ይገፋሉ፤ ገፊዎቹ፣ አብሳዮቹና አስጠኚዎቹ ላይ ወጥተው ይጫወታሉ። በደንብ የሚጫወት አንድም የለም። መንገዱ በሰው የሚሞላውም ለዚሁ ነው።

ጊትንስ ከዚህ እሁድ በየዓመቱ ሾልከው ሲያመልጡ ኖረዋል። አንድ ጊዜ ወገባቸውን አመማቸው። አንድ ጊዜ ጎማ ተበላሸ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ልጆቹ አቅጣጫ መያዝ አይችሉም፣ አንድ የሚያውቅ ሰው ከታች መኖር አለበት» አሉ። ዘንድሮ ግን ካሚኒ ራሷ ዜማ ደርሳ መጣችና፣ ታላላቆቹ ሁሉ ሦስት ኖታ ብቻ ያለውን ትልቁን በርሜል ሲሻሙ፣ ዜማውን የሚመራውን ትንሹን ፓን ለጊትንስ ሰጠቻቸው። «ከባንዱ ጋር የምሠራው የመጨረሻ ሥራዬ ነው፤ መክፈቻው የእርስዎ ነው» ስትላቸው እምቢ ማለት አልቻሉም። ግቢ ውስጥ ላስተምርዎ ብትላቸው ግን ፈጽሞ አልተቀበሉም። «የኖታዎቹን ስም ንገሪኝ፣ ሌላውን ለእኔ ተይው» አሉ።

አሁን፣ በዋዜማው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከጋሪው ሥር ወጡ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ጣት በጣት ጠረጉ። ጋሪው ላይ ወጥተው መምቻዎቹን አነሡ።

«ጎበዝ፣ ዝም በሉ!» አለች ታንቲ ቨርና ከበርሜሎቿ መሐል። «ሙሽራው መጣ።»

ካሚኒ ቆጠረችላቸው። ጊትንስ የመጀመሪያውን ኖታ መቱ።

የወጣው ሌላ ድምፅ ነበር። ሁለተኛውን መቱ፤ እሱም ሌላ። እጃቸው ቤት ውስጥ ስንት ሳምንት የለመደውን መንገድ ይዞ ሄደ፤ ከፓኑ የሚወጣው ግን የወደቀ የሳህን መደርደሪያ ጩኸት ነበር።

«ይሄ የካሚኒ ዜማ ነው ወይስ የዶሮዎቼ?» አለች ታንቲ ቨርና። ጋሪው ላይ ያለው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጊትንስ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው የፓኑን ፊት ተመለከቱ። ዕድሜያቸውን የፈጁት የሱቅ ሚዛን ሲፈትሹ ነው፤ ሚዛን ሲያዩ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መርፌው ሳይሆን ሚዛኑ ወደተቀመጠበት ጠረጴዛ ነበር። እዚህም ግቢ ይህን ሁሉ ዓመት ያዩት ከታች ያለውን ነው፤ ጎማውን፣ ብሎኑን፣ ብየዳውን። የፓኑን ፊት እንዲህ ቀርበው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ቤታቸው ባለው ፓን ላይ ከደረታቸው አጠገብ ያለው ኖታ፣ እዚህ ወዲያ ማዶ ተቀምጧል። በግራ የሚያውቁት በቀኝ ነው። አንዱም በቦታው የለም።

መምቻዎቹን ጎን ለጎን አስቀመጡና ከጋሪው ወርደው፣ ማንንም ሳያዩ በበሩ ወጡ።

ሳቁ ቀስ ብሎ ቆመ። ታንቲ ቨርና «ምን አልኩ እኔ?» አለች።

ቤታቸው ከግቢው ዝቅ ብሎ ነው። ካሚኒ ስትደርስ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ካለው ወንበር ላይ በፎጣ የተሸፈነ ክብ ነገር አለ። ፎጣውን ገለጠችው። ጠርዙ የዛገ፣ መሐሉ ግን በጥንቃቄ የተወለወለ ፓን ነው።

«ይሄን ከየት አመጡት?»

«ከጎረቤቴ። የዶሮ መኖ ስታስቀምጥበት ነው ያገኘሁት። ባልዋ ድሮ ከፈረሰ ባንድ ይዞት የቀረ ነው።»

ካሚኒ ወደ ፓኑ ጎንበስ አለች፤ ኖታዎቹን በጣቷ አንድ በአንድ ነካካች። ከዚያ ሳቅ አመለጣት።

«አንቺም ሳቂ» አሉ ጊትንስ።

«አይደለም አንክል፣ በእግዜር። ይሄ እኮ የድሮ ፓን ነው። ያኔ እያንዳንዱ ቃኚ ኖታውን ደስ ባለው ቦታ ነበር የሚያኖረው። የእኛዎቹ ሌላ ናቸው።»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ማንን ጠየቁ?»

«ኪሎ የትም ኪሎ ነው» አሉ ጊትንስ።

«ፓን ኪሎ አይደለማ!»

«አሁንማ ገብቶኛል።»

ፎጣውን መልሰው ሊሸፍኑት ሲሉ እጃቸውን ያዘች። «ይምቱልኝ።»

«ተይኝ ልጄ።»

«አንዴ ብቻ። እኔና እርስዎ ነን እንጂ ሌላ ማን አለ?»

ጊትንስ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አዩ። እናታቸው እንዲህ ነበር የሚያዩት፤ ልጃቸው ከፓን ግቢ ቆርቆሮ አጥር ሥር ቆሞ እንደሆነ ለማየት። ያን ጊዜ ፓን የሚመታ ልጅ ለጨዋ ቤት ውርደት ነበር። «እዚያ በር ላይ ባገኝህ እግርህን ነው የምሰብረው» ይሏቸው ነበር። ጊትንስ ወደ በሩ አልሄዱም፤ አጥሩ ሥር ቆመው በቀዳዳ ሲሰሙ አደጉ። ሰባ ዓመት አልፏቸው ጎማ ጠባቂ ሆነው ሲገቡ እንኳ ማንም ምታ ሳይላቸው ፓን መንካት የሌላ ሰው ሳህን ውስጥ እጅ መክተት መሰላቸው።

መምቻዎቹን አነሡና መቱ።

ካሚኒ ዜማውን የደረሰችው በአውቶቡስ ውስጥ፣ በጉልበቷ ላይ እየመታች ነው። እንዲህ አስባው አታውቅም። ጊትንስ አላፋጠኑትም፣ አላስጌጡትም፤ እያንዳንዱን ኖታ መዝነው የሚያስረክቡ ይመስል ነበር። ሲጨርሱ ካሚኒ ስልኳን አወጣች።

«ቦይሲን ልጥራ።»

ቦይሲ የግቢው ቃኚ ናቸው፤ የጊትንስ የዕድሜ እኩያ፣ እድሜ ልካቸውን በመዶሻ ድምፅ መሐል የኖሩ። መጥተው ፓኑን በጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ ኖታ በኖታ እየነኩ አዳመጡ።

«ቅኝቱ ወርዷል» አሉ። «ግን ሁሉም አብረው ነው የወረዱት። ጨዋ ፓን ነው። ለብቻው ከሆነ ማንም አይነቃበትም። ከእኛዎቹ ጋር አብሮ ከተመታ ግን ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ላይ ሲሰዳደቡ ነው የሚመስለው።»

«ለነገ ማድረስ አይቻልም?» አለች ካሚኒ።

«ለነገ? ለመጪው ፋሲካ እንሞክራለን።»

ካሚኒ አሰበች። «እንግዲያው መክፈቻውን ለብቻቸው ይመቱታል። ሌላው ሁሉ ዝም ይላል። እሳቸው ሲጨርሱ እኛ እንገባለን፤ ከዚያ በኋላ ዜማውን መካከለኞቹ ፓኖች ይይዙታል።»

«ለብቻዬ?» አሉ ጊትንስ። «ሰፈሩ ሁሉ ባለበት? ሌሎች አጅበውኝም ፈርቼ ነው። አንቺ ምቺው።»

«እኔ ነገ ገፊ ነኝ። ደንቡን አላፈርስም።»

«አንተ ሰውዬ» አሉ ቦይሲ፣ «ባለሱቁን ሁሉ በደንበኛው ፊት ሚዛንህ ውሸታም ነው ስትል አልፈራህም። ዛሬ በርሜል ፈራህ?»

«ያኔ ልክ ነበርኩ።»

«ከጨነቀዎት ይቅር» አለች ካሚኒ ተነሥታ። «መክፈቻውን አወጣዋለሁ። ከመሐሉ እንጀምራለን።»

ጊትንስ ቀና አሉ። «ከመሐሉ? እንዴት ተብሎ? የሚቀጥለው እኮ ለመክፈቻው የሚሰጥ መልስ ነው። ጥያቄው ሳይነሣ ምኑ ይመለሳል?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

ጊትንስ ፓኑን ከቦይሲ ጉልበት ላይ ወሰዱ። የቦይሲ ጣት የነካውን ቦታ በፎጣ ወለወሉና «በስንት ሰዓት ነው የምንሰለፈው?» አሉ።

እሁድ ዕለት መንገዱ ጢም ብሎ ሞላ። ስሞች ተጠሩ። ነርስነት ልትማር የምትሄደው ልጅ ተጠራች፤ ከሁሉ በላይ የተጨበጨበላት እናቷ ናት። በሒሳብ ወድቆ ደግሞ የተፈተነውና ያለፈው ልጅ ሲጠራ መምህርቲቱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ታንቲ ቨርና የአበባ ጉንጉን አጥልቀውላት «ይሄ ይበላል?» ብላ ሰውን አሳቀች፤ ከዚያ ወደ ጊትንስ ጠጋ ብላ «ትናንት አፌ አመለጠኝ» አለቻቸው። «ዶሮዎችሽን ሰላም በይልኝ» አሏት።

ጋሪው ላይ ወጡ። አሮጌው ፓን ከፊት፣ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። ልጆቹ ከኋላ ሆነው ገፉ፤ ጋሪው ወደ መንገዱ ዳር ቦይ አዘነበለ።

«ግራውን ያዙት! ግራ—» ጊትንስ ሊወርዱ እግራቸውን አነሡ።

«አንክል! ከቦታዎ ንቅንቅ እንዳይሉ!» ካሚኒ ከጋሪው ጥግ ጮኸች፤ ፊቷ በላብ ርሷል። ጋሪው እንደ ሰካራም ተወላግዶ ተስተካከለና መሐል መንገድ ላይ ቆመ።

ካሚኒ እጇን አነሣች። መንገዱ ጸጥ አለ።

ጊትንስ ጀመሩ። የመጀመሪያው ኖታ ወጣ፤ የሚያውቁት ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። እጃቸው መንገዱን አገኘ። መሐል ላይ ሲደርሱ ቀኝ እጃቸው ጠርዙን ነካና ብረቱ ክርር ብሎ ጮኸ። ቆሙ።

ከመጠጥ ቤቱ ደጃፍ አንድ ድምፅ መጣ፤ ድሮ ሚዛኑን ያሸጉበት ባለሱቅ ነበር። «ሚስተር ጊትንስ! ዛሬስ ጎደለ መሰለኝ!»

መንገዱ በሙሉ ሳቀ። ጊትንስም፣ ከየት እንደመጣባቸው አላወቁም፣ ሳቁ። «ልክ ነህ፣ ጎድሏል» አሉ ጮክ ብለው። «እንደገና ይመዘን።»

ከቆሙበት አልቀጠሉም። ከመጀመሪያው ኖታ ጀመሩ። እጃቸው የሳተበት ቦታ ሲደርሱ አላፋጠኑም፣ አልዘገዩም፤ አለፉት። የመጨረሻው ኖታ አየሩ ላይ ትንሽ ቆየ። ካሚኒ ምልክት ሰጠች፤ ከኋላቸው ባንዱ ሁሉ፣ በርሜሎቹ፣ መካከለኞቹ ፓኖች፣ የታንቲ ቨርና የተሳሳተ ባስ ሳይቀር፣ ከጋሪው ወለል ተነሥቶ በጫማቸው በኩል ገባባቸው።

ከዚህ በኋላ አንዲት ኖታ እንኳ መምታት አይችሉም፤ ፓናቸው ከሌሎቹ ጋር አይስማማም። መምቻዎቹን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ። ልጆቹ ጋሪውን እንደገና መግፋት ጀመሩ። ጊትንስ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ያቺ ከአጥር ውጭ ይሰሟት የነበረች ድምፅ ዛሬ ግራና ቀኝ ስትከባቸው ሰሙ።

ዜማው አለቀ። ሰዉ ግን መንገድ አልለቅም አለ። «ይደገም! ይደገም!» መጠጥ ቤቱ በር ላይ ያለው ባለሱቅ ከሁሉ አብልጦ ይጮኻል።

ካሚኒ ከጋሪው ጥግ ቀና ብላ አየቻቸው። «አንክል፣ ይችላሉ?»

ጊትንስ መዳፋቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፤ ጋሪውን ከሚገፉት ልጆች አንዱም እንዳይንቀሳቀስ በዓይናቸው አስጠነቀቁ፤ እጃቸውንም ፓኑ ላይ አነሡ።