ስድስቱ ሞላዎች

ልብስ ሰፊው በዕድሜው ሙሉ ከመቀስ የከበደ ብረት ጨብጦ አያውቅም። ይህን የሚያውቅ ጎረቤት ያን ቅዳሜ ጠዋት በወንድሙ ጓሮ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኮ ሞተር ሳይክል ሲፈታ ቢያየው በሳቅ ይሞት ነበር። በዚያ ጓሮ ግን የሚስቅ ሰው አልነበረም። በሩ ላይ በወንበር ተቀምጦ የሚያዘው ታላቅ ወንድሙ ነው። ሃያ ዓመት የሰው ሞተር ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነው፤ ከሦስት ወር በፊት አንድ ማለዳ ፊቱን ሲታጠብ ወደቀና ሆስፒታል ገባ። ሲወጣ ግራ ጎኑ አብሮት አልወጣም። እግሩን በከዘራ ይጎትተዋል። ግራ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድሞ ይውላል። ምላሱ ግን ደህና ናት፤ ኧረ እንዲያውም ብሶባታል።

«እሱ ቁልፍ እኮ መርፌ አይደለም» ይላል። «በሁለት ጣት አትያዘው። ጨብጠው።»

«እሺ ጋሼ።»

ሞተሩ ለጭቃና ለአቀበት የተሠራ ቀጭን፣ ባለ ረጅም እግር ነው፤ መካኒኩ ለራሱ የያዘው እሱን ብቻ ነው። ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ፍሪሲዮኑ ካለቀ ቆይቷል። የሰውን ሁሉ እየቀየረ የራሱን ዛሬ ነገ ሲል ጊዜው ቀደመው። መቼም የመካኒክ ሞተር እንደዚሁ ነው፤ የልብስ ሰፊውም ሱሪ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ነው።

ባለፈው ሳምንት መካኒኩ ሚስቱንና ወንድሙን አስቀምጦ ቁርጡን ነግሯቸዋል። «ፍሪሲዮኑ ይቀየር። ከዚያ ላዩ ላይ ታስቀምጡኛላችሁ። ይህ እጅ የፍሪሲዮኑን እጀታ እስከ መሪው ድረስ ከሳበ ሰኞ ጋራዤን እከፍታለሁ። ካልሳበ ጋራዡ ይዘጋል፤ ሁለተኛ ወሬውን እንዳታነሱብኝ።»

ነገሩ ለሌላ ሰው ግትርነት ይመስላል። እሱ ግን ራሱ ሳይነዳ ለባለቤቱ ያስረከበው ሞተር የለም። ሚስቱ «ሌላ ሰው ቀጥረህ ይሞክርልሃ» ብትለው ገላመጣትና «ጨውን ጎረቤት ቀምሶልሽ ድስት ታወጫለሽ?» አላት። እሷም ጓዳ ገብታ ዕቃ ስታጥብ ዋለች፤ የታጠበውን ሁሉ ደግማ አጠበችው።

ልብስ ሰፊው በዚህ ሁሉ መሃል ምንም አልተሰማውም። ይህ ነገር ራሱንም ይገርመዋል። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ዘመድ ሁሉ ሲላቀስ እሱ የነርሷን ጋውን ትከሻ ነበር የሚያየው፤ ስፌቱ ተጨማዷል። ከዚያን ቀን ወዲህ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሰፋል። ደንበኛ ሲቀልድ ይስቃል። ውስጡ ግን ዝም ነው። ወንድሙን እንደሚወድ ያውቃል፣ የቤቱን ቁጥር እንደሚያውቅ ሁሉ፤ ከዚያ ያለፈ ግን ምንም የለም።

ከወንድሙ ሚስት ጋር ሆነው ሞተሩን ካርቶን ላይ በግራ ጎኑ አጋደሙት። ዘይቱ ወደዚያ ስለሚሸሽ ማፍሰስ አያስፈልግም፣ ብሏል ወንድሙ። ልብስ ሰፊው በቀኝ በኩል ያለውን ክዳን ከፈተ። ውስጥ ያሉትን ስድስት ብሎኖች በየተራ አላላ፣ የደከሙትን አሮጌ ሞላዎች አወጣ፣ ሸራ የሚባሉትን ክብ ዝርግ የፍሪሲዮን ክፍሎች አንድ በአንድ ሳባቸው። ጠቁረዋል፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታሉ። አዲሶቹ ሸራዎች ከትናንት ጀምሮ ሳፋ ውስጥ ዘይት ሲጠጡ አድረዋል። አንድ ሸራ፣ አንድ ብረት፣ አንድ ሸራ፣ አንድ ብረት እያለ ደረደራቸው። እጁ ቶሎ ለመደው፤ ገበርና ጨርቅ እንደ መደራረብ ነው።

«አሁን አዲሶቹን ሞላዎች» አለ መካኒኩ። «ስድስቱም ይገባሉ። ሸራውን ጨምቀው የሚይዙት እነሱ ናቸው። እጀታውን ስትስብ የምትታገለውም ከእነሱ ጋር ነው። እንግዲህ የኔ ጠላቶች እነዚያ ናቸው፤ ደህና አድርገህ እሰራቸው።»

ይህን ሲል ሚስቱ መጣች። የመድኃኒቱ ሰዓት ደርሷል። ብብቱን ይዛ፣ እሱም «አትጎትቺኝ፣ እሄዳለሁ» እያለ፣ ቀስ ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ልብስ ሰፊው ለማንም የማይነግረው አንድ ልማድ አለው። የቆየ ደንበኛ ሆዱ ገፍቶ ሲመጣ «ወፈርክ» አይለውም። ሜትሩን ያዞርና የድሮውን ልክ ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ወገቡን ግን ሁለት ጣት አስፍቶ ይሰፋል። ሰውየው ለብሶ መስታወት ፊት ይቆማል፣ «ይኸው እንደነበርኩ ነኝ» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። ማን ተጎዳ? ማንም። እንግዲህ ይህን ሰው ከስድስት ሞላ ጋር ብቻውን ስትተዉት ምን ያደርጋል ትላላችሁ? አራቱን አስገባ። ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለቱን ትቶ ከአሮጌ ሸራዎቹ ጋር በጨርቅ ጠቀለላቸው።  ክዳኑን ገጥሞ ብሎኑን አጠበቀ፣ የእጀታውን ካቦ አስተካከለ።

መካኒኩ ሲመለስ ሞተሩ ቆሞ ጠበቀው። ክዳኑን በዓይኑ ዞረና «ፈጠንክ» አለ።

ሚስቱና ወንድሙ ደግፈው ላዩ ላይ አስቀመጡት። መካኒኩ ግራ እጁን በቀኙ አንስቶ እጀታው ላይ አኖረው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው። ከዚያ ቀኙን ለቀቀ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። እጀታው ተንቀሳቀሰ። ቆመ። እንደገና ተንቀሳቀሰና መሪውን ነካ።

ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። «ሰኞ ሰማያዊውን ሸሚዝ እተኩስልሃለሁ» አለች። መካኒኩ እንደ ልጅ ፈገግ አለ። ደግሞ ሳበው። እንደገና ሳበው። ልብስ ሰፊው አያቸውና «ጥሩ ነው» አለ በሆዱ። 

«በል፣ ጎማውን ግድግዳው ጋ አስጠጋው» አለ መካኒኩ።

ይህ የእሱ ፈተና ነው። ፍሪሲዮን በቀየረ ቁጥር የፊት ጎማውን ግድግዳ ያስነካል፣ ሦስተኛ ማርሽ ያስገባል፣ ነዳጅ እየሰጠ እጀታውን ይለቃል። ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ከሆነ ጎማው መሄጃ ስለሌለው ሞተሩ ታንቆ ይጠፋል። ሸራው የሚንሸራተት ከሆነ ሞተሩ እዚያው ቆሞ ይጮኻል። ልብስ ሰፊው ይህን መቶ ጊዜ አይቷል፤ ግን ጭራሽ ትዝ አላለውም። ሱሪ በግድግዳ አይፈተንማ።

ረግጦ አስነሳለት። የመካኒኩ ግራ እግርም ስለከዳው ማርሹን ጎንበስ ብሎ በእጁ አስገባለት። መካኒኩ ነዳጅ ሰጠ፣ እጀታውን ለቀቀ። ሞተሩ አልጠፋም። ጮኸ፣ አሁንም ጮኸ፤ የኋላው ጎማ ግን ንቅንቅ አላለም።

መካኒኩ ሞተሩን አጠፋው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ስንት አስገባህ?»

«አራት።»

«ሁለቱስ?»

«ጨርቁ ውስጥ ናቸው።»

ሚስቱ ከባልዲው ተነሳች። «ምንድን ነው? ሳበው እኮ፤ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«እኔ የሳብኩት ፍሪሲዮን አይደለም» አላት ባሏ። «ወንድሜ በልኬ የሰፋልኝን ነው።»

«ለአንተ ብዬ ነው ጋሼ።»

«አውቃለሁ። አቀበት መሃል ላይ የሚከዳ ሞተር ነው የሰጠኸኝ። ክፈተው።»

ሞተሩን መልሰው አጋደሙት። በዚህኛው ጊዜ መካኒኩ ወንበሩን አስቀርቦ አንዲት ነገር ሳታመልጠው አየ። «ትንሽ ይችን ብሎን፣ ከዚያ በማዶ ያለችውን፣ አንዷን ብቻዋን አታጥብቃት» ይላል፤ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልቀረም። ሚስቱ አንዴም ወደ ቤት አልገባችም። ስድስቱም ገቡ፣ ክዳኑ ተገጠመ።

መካኒኩን እንደገና ላዩ ላይ አስቀመጡት። እጀታው አንድ ጣት ያህል መጣና ቆመ። እረፍት አደረገ። ሳበ። እዚያው ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ትከሻው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ እጀታው ግን ከዚያች ከአንድ ጣት አላለፈም። ከዚያ በቀኝ እጁ የግራውን ጣቶች ከእጀታው ላይ አላቀቃቸው። ሚስቱ ልታወርደው ስትጠጋ «ይኸው መጣሁ» አላት በቀስታ።

ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ወንድሙን «በል አንተ ላዩ ላይ ውጣና ፈትነው» አለው። «ሳይፈተን አይቀርም።»

ልብስ ሰፊው ወጣ። አስነሳው። ግራ እጁን ዘረጋና እጀታውን ሳበው፤ ሳያስበው፣ ያለ ምንም ልፋት መሪው ላይ ደረሰ። ሦስተኛ አስገባ፣ ነዳጅ ሰጠ፣ ለቀቀ። ሞተሩ ታንቆ ጠፋ።

«ይኸው» አለ መካኒኩ። «አሁን ፍሪሲዮን ሆነ። በደንብ ሠርተኸዋል።»

ልብስ ሰፊው ያን ጊዜ አፈረ። በግራ እጁ አፈረ፤ በዚያ እንዲህ በቀላሉ በሳበው እጁ። ጆሮው ድረስ ጋለ። ከሞተሩ ወርዶ፣ ወንድሙ እንዳያየው፣ እጁን የሱሪው ኪስ ውስጥ ከተተው።

መካኒኩ አይቶታል።

«እጅህን አውጣና ታጠብ» አለው። «ሱሪህን ዘይት ታስነካዋለህ።»